«ነጻ ነህ» ተብያለሁ፤ ልመን?

የጤና ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም ከጅማ የደረሱንን የኤች አይ ቪ ምርመራ ጥያቄዎች እንመልሳለን። የጸሐፊዎቹን ስም ትተን ሰፈራቸውን ብቻ አስቀርተናል። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር፦ ኮንዶም የተቀደደበት፣ ተገዶ የተደፈረ ወይም የሰው ደም የነካ መርፌ የወጋው ሰው ይህን እያነበበ ከሆነና ነገሩ ከተፈጠረ 3 ቀን ካልሞላው፣ መጽሔቱን አጥፎ አሁኑኑ ሆስፒታል ይሂድ። ሌላው ይደርሳል።

ከመርካቶ፦ «ባጃጅ ነው የምነዳው። ቅዳሜ ሌሊት ብዙም ከማላውቃት ልጅ ጋር ሆኜ ኮንዶም ተቀደደብን። ሰኞ ጠዋት አንድ የግል ክሊኒክ ገብቼ ጣቴን ተወግቼ ተመረመርኩ። "ኔጌቲቭ ነህ፣ ነጻ ነህ" ብለው ወረቀት ሰጡኝ። ወረቀቱን በኪሴ ይዤ እዞራለሁ፣ እንቅልፍ ግን አልወስድ ብሎኛል። ልመን?»

ወረቀቱን ይመኑ፤ ግን ስለ ቅዳሜ ሌሊት የሚለው ነገር የለም። የሰኞ ወረቀት የሚያወራው ከዚያ በፊት ስለነበረው ኑሮዎ፣ በእርግጠኝነት ደግሞ ከሦስት ወር በፊት ስለነበረው ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ጣት ተወግቶ የሚሠራው ኪት በአብዛኛው ቫይረሱን አይፈልግም። የሚፈልገው ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሚሠራውን አንቲቦዲ ነው። ቫይረሱ ከገባ በኋላ ለመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት ያህል የትኛውም ምርመራ፣ በጣም ውዱም ቢሆን፣ አያገኘውም። አንቲቦዲው በኪት ለመታየት በአንዳንዱ ሰው 23 ቀን፣ በሌላው እስከ 90 ቀን ይወስዳል። ባለሙያዎች «ዊንዶ ፔሬድ» የሚሉት ይህን ጊዜ ነው። በዚህ መሃል ቫይረሱ በደም ውስጥ ሞልቶ፣ ሰውየውም ለሌላ ሰው በጣም የሚያስተላልፍበት ወቅት ላይ ሆኖ፣ ኪቱ «የለም» ይላል።

የሚያስቆጨው የሰኞ ጠዋቱ ነው። ገና ሁለት ቀን አልሞላም ነበር። የመረመረዎት ሰው «ለመሆኑ መቼ ነው የሆነው?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ወረቀቱን ሳይሆን መድኃኒቱን ያስቀድም ነበር። ፔፕ ይባላል፤ ከተጋለጡ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን ይወሰዳል። በብዛት የሚሰጠው ቴኖፎቪር 300፣ ላሚቩዲን 300 እና ዶሉተግራቪር 50 ሚሊግራም በአንድ ክኒን ተዋህደው ነው፤ በቀን አንድ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት። 72 ሰዓት የመጨረሻው ወሰን እንጂ ቀጠሮ አይደለም። በ2ኛው ሰዓት የጀመረ ሰው በ70ኛው ሰዓት ከጀመረው ይሻላል። ስለዚህ «ነገ ጠዋት የማውቀው ነርስ ጋ እሄዳለሁ» ማለት አያዋጣም፤ የጅማ ሕክምና ማዕከል ድንገተኛ ክፍል ሌሊትም ክፍት ነው።

ፔፕ ሲሰጥ ሁለት ነገር ይዘነጋል። አንደኛው የጨጓራ ማስታገሻ ነው። ማግኒዥየም ወይም አሉሚኒየም ያለበት የጨጓራ መድኃኒት ዶሉተግራቪርን አንጀት ውስጥ ይዞ ስለሚያስቀረው፣ ክኒኑ ከእሱ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ መወሰድ አለበት። ሁለተኛው የጉበት ቫይረስ፣ ማለትም ሄፓታይተስ ቢ ነው። ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን ይህንንም ቫይረስ ስለሚጫኑት፣ ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው በ28ኛው ቀን መድኃኒቱን ሲያቆም ጉበቱ ሊቆጣ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያውኑ አብሮ ይመርመር።

አሁን ግን ጊዜው ስላለፈ የሚቀርዎት ቀን መቁጠር ነው። እንቅልፍ ላጡበት ነገር መጠኑን እንንገርዎት፦ ሴቷ ቫይረሱ ያለባትና መድኃኒት የማትወስድ ብትሆን እንኳ፣ ያለ ኮንዶም በአንድ ግንኙነት ወደ ወንዱ የመተላለፉ ዕድል በአማካይ ከ10,000 4 ገደማ ነው። ከወንድ ወደ ሴት ሲሆን ከ10,000 8 ያህል ይሆናል። ጨብጥ፣ ቂጥኝ ወይም ብልት ላይ ቁስል ካለ ቁጥሩ ያድጋል። አማካይ ስለሆነ ደግሞ ለማንም ዋስትና አይሆንም፤ በአንድ ቀን የተያዘ ሰው ሞልቷል።

አቆጣጠሩ ለእኛ ቀላል ነው፤ ወራችን ሁሉ 30 ቀን ነውና። ነገሩ የሆነው ጥር 11 ቢሆን፣ 6ኛው ሳምንት የካቲት 23 ይሞላል፣ 90ኛው ቀን ሚያዝያ 11 ነው። ጳጉሜን በመሃል ከገባች 5 ወይም 6 ቀን ታስቀድማለች፤ ግን ጥቂት ቀን ማሳለፍ ጉዳት ስለሌለው በወር ስም ቢቆጥሩም አይሳሳቱም። በ6ኛው ሳምንት አንዴ ይመርመሩ፣ በ90ኛው ቀን ይድገሙና ይዝጉት። እስከዚያ ኮንዶም ይጠቀሙ፤ ደምም አይለግሱ።

ከጊንጆ፦ «እኔ ደግሞ 90 ቀን መጠበቅ አልቻልኩም። በ46ኛው ቀን የግል ላቦራቶሪ ሄጄ ከክንዴ ደም ቀድተው መረመሩኝ፤ ኔጌቲቭ ነው። በሳምንቱ ጤና ጣቢያ ስሄድ ካውንስለሯ "በ3 ወር ተመለስ" አለችኝ። ማን ነው ትክክል? በነገራችን ላይ በ3ኛው ሳምንት ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ነበረኝ።»

ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚወስነው በምን እንደተመረመሩ ነው። ከክንድ ደም ተቀድቶ በላቦራቶሪ መሣሪያ የሚሠራና አንቲቦዲውን ብቻ ሳይሆን የቫይረሱን አካል (ፒ 24 የሚባለውን አንቲጅን) ጭምር የሚፈልግ ምርመራ አለ። አንቲጅኑ ከአንቲቦዲው ቀድሞ ስለሚታይ፣ ይህ ምርመራ በ18 እና በ45 ቀን መካከል ይይዛል። በእሱ ከሆነ የእርስዎ የ46ኛ ቀን ውጤት በቂ ነው።

ነገር ግን ደም ከክንድ ስለተቀዳ ብቻ ምርመራው ያ ነው ማለት አይደለም። ብዙ ቦታ ደሙ ከክንድ ተቀድቶ የሚጨመረው ያው ጣት ላይ የሚሠራው ኪት ላይ ነው። ወደ ላቦራቶሪው ተመልሰው ወረቀቱ ላይ የምርመራው ዓይነት እንዲጻፍልዎት ይጠይቁ፤ «አንቲጅንና አንቲቦዲ» ወይም «4ኛ ትውልድ» የሚል ከሌለ ካውንስለሯን ይስሙ። በጣት ደም የሚሠራ የአንቲጅን ኪትም አለ፤ እሱን ግን እንደ ላቦራቶሪው አይቁጠሩት፣ 90 ቀኑን ይጠብቁ።

«ፒ ሲ አር አሠሩልኝ» የሚሉም አሉ። የቫይረሱን ዘር በቀጥታ የሚፈልገው ይህ ምርመራ ከ10 እስከ 33 ባለው ቀን ውስጥ ሊያገኘው ይችላል። አገራችን ውስጥ ግን ማሽኖቹ በዋናነት የሚሠሩት መድኃኒት ላይ ያሉትን ሰዎች ቫይራል ሎድ (በደም ውስጥ ያለውን የቫይረስ መጠን) ለመለካትና ሕፃናትን ለመመርመር ነው፤ ስለሰጋ ብቻ ለሚመጣ ሰው አይደለም።

ትኩሳቱን በተመለከተ፦ አዲስ የተያዘ ሰው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ ሽፍታ፣ የአንገት እጢ ማበጥ ሊያሳይ ይችላል፤ ምንም የማያሳይም ግን አለ። ጅማ ላይ ደግሞ ትኩሳት ማለት መጀመሪያ ወባ ነው። ምልክት አይቶ «አለብኝ» ወይም «የለብኝም» ማለት ሰውን ከማስጨነቅ በቀር የሚፈይደው የለም።

ከፈረንጅ አራዳ፦ «በአፍ የሚመረመሩትን ኪት አግኝቼ ማታ ቤቴ ሞከርኩ። ጫት ላይ ነበርኩ፣ ቡናም ጠጥቻለሁ። 20 ደቂቃ ላይ አንድ መስመር ብቻ ነበር። ጠዋት ስነሳ ግን ሁለተኛ የደበዘዘ መስመር አየሁ። ልቤ ቀጥ አለ።»

የጠዋቱን መስመር ይርሱት፤ ኪቱንም ይጣሉት። ከ40 ደቂቃ በኋላ የሚታይ ነገር ውጤት አይባልም። ፈሳሹ በወረቀቱ ላይ ሲደርቅ ቀለሙ ቀርቶ መስመር ሊመስል ይችላል። የ20 ደቂቃው ውጤትም ቢሆን አፍዎ እንደዚያ ሆኖ ስለተሠራ አንተማመንበትም።

ነገሩ እንዲህ መሠራት ነበረበት። ከምርመራው በፊት 15 ደቂቃ አይበላም፣ አይጠጣም፤ ቡናም መጠጥ ነው። ጥርስ የታጠበ ወይም አፉን በመድኃኒት የተጉመጠመጠ 30 ደቂቃ ይጠብቅ። ጫትን እኛ የምናየው ከዚህ ጋር ነው፦ ተፍቶ፣ በውሃ ደጋግሞ ተጉመጥምጦ፣ ድድ ላይ የተለጠፈው ቅጠል ሁሉ ወጥቶ ቢያንስ 30 ደቂቃ። ኪቱ የሚፈልገው ምራቅ አይደለም፤ ከድድ ሥር የሚወጣውን ፈሳሽ ነው። ስለዚህ ጠፍጣፋው ጫፍ በላይኛው ድድ ላይ ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ፣ በታችኛው ድድ ላይ አንድ ጊዜ ይሄዳል። ጉንጭ፣ ምላስና ላንቃ አይነካም፤ ደጋግሞ መፈተግም አይጠቅምም። ከዚያ ጫፉ ብልቃጡ ውስጥ ያለውን ፈሳሽ እስኪነካ ገብቶ ይቆማል። ብልቃጡን ሲከፍቱ የሚደፉት ብዙዎች ናቸው፤ ፈሳሹ እንዳይፈስ ቀስ ብለው ይክፈቱና ማቆሚያው ላይ ያቁሙት። በስልክዎ 20 ደቂቃ ይሙሉ፤ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ባለው ውስጥ በደንብ ብርሃን ባለበት ይታያል። መብራት ከሄደ የስልክ ባትሪ ያብሩ እንጂ በሻማ አያንብቡ።

ኪቱ ላይ ሲ (C) እና ቲ (T) የሚሉ ፊደሎች አሉ። ሲ ላይ ብቻ መስመር ካለ፣ በኪቱ ዓይን የለም። ሲ እና ቲ ላይ ካለ፣ ቲ ላይ ያለው የቱንም ያህል ቢደበዝዝ፣ በሰዓቱ እስከታየ ድረስ ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል። ሲ ላይ ምንም ከሌለ ቲ ላይ ያለውን አይቁጠሩት፤ ኪቱ ተበላሽቷል።

ጊዜው ሞልቶ በትክክል ተሠርቶም ይህ ኪት እንደ ደሙ አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ለቤት ውስጥ ሲፈቅደው፣ ሰዎች ራሳቸው ሲሠሩት ቫይረሱ ካለባቸው 12 ሰዎች አንዱን ይስት ነበር። የለህም ላለው ሰው መንገድ ማሳያ ነው፤ አለህ ላለው ደግሞ ወደ ጤና ጣቢያ መሄጃ ምክንያት እንጂ ፍርድ አይደለም። የሚያስደነግጥ መስመር ካዩ ብቻዎን አይደሩበት፣ ሲነጋ ይሂዱ። በመንግሥት ጤና ተቋም ምርመራው ነጻ ነው።

ከቆጪ፦ «የ4 ወር እርጉዝ ነኝ። ለክትትል ስሄድ መረመሩኝ። የመጀመሪያው ኪት አለ አለ፣ ሁለተኛው የለም አለ፣ መጀመሪያውን ሲደግሙትም አለ አለ። "ውጤቱ አልታወቀም፣ በ14 ቀን ተመለሺ" አሉኝ። የደበቁኝ ነገር አለ? ባሌ ምንም አያውቅም።»

አልደበቁዎትም። በአንድ ኪት ማንም «አለበት» አይባልም፤ እንደዚህ ተጠንቅቀው መሥራታቸው ለእርስዎ ነው።

ስሌቱን ይዩት። 1,000 ሰው ተመረመረ፣ ከእነሱ 10ሩ ቫይረሱ አለባቸው እንበል። ኪቱ ከሌለባቸው 100 ሰዎች 99ኙን በትክክል የሚያውቅ ጎበዝ ኪት ይሁን። የሌለባቸው 990 ናቸው፤ ከእነሱ አንድ በመቶው፣ ወደ 10 ሰው፣ በስህተት «አለባቸው» ይባላል። እውነተኞቹ 10፣ የተሳሳቱትም 10። በአንድ ኪት ብቻ ቢፈረድ ከሁለት ሰው አንዱ ያለ ጥፋቱ ዕድሜ ልክ መድኃኒት ይጀምር ነበር። ለዚህ ነው አሠራራቸው የተለያየ ሦስት ኪቶች ተራ በተራ የሚሠሩት፤ ሦስቱም ከተስማሙ ብቻ ነው ፖዘቲቭ የሚባለው። መድኃኒት ከመጀመሩ በፊትም እንደገና ደም ተወስዶ በሌላ ባለሙያ ይረጋገጣል።

እርግዝና ራሱ፣ በቅርብ የያዘ ወባ ወይም ሌላ ሕመም የሚፈጥረው አንቲቦዲ አንዳንዴ ኪቱን ያታልላል። 14 ቀኑ የተመረጠው፣ እውነተኛ አዲስ ቫይረስ ከሆነ በዚያ ጊዜ አንቲቦዲው ጨምሮ ሁሉም ኪቶች ስለሚያዩት ነው። ውሸት ከሆነ ግን ባለበት ይቆያል ወይም ይጠፋል። ቀጠሮውን እንዳያሳልፉ፤ እርጉዝ ስለሆኑ አይዘገይም። ሌላ ጤና ጣቢያ ሄደው እንዳዲስ ቢጀምሩ ግን የመጀመሪያውን ታሪክ ስለማያውቁ ያምታታቸዋል፤ ወረቀትዎን ይዘው እዚያው ይመለሱ። ለባልዎ ዛሬ የሚነግሩት ውጤት የለም፤ በ14ኛው ቀን አብሮ ሊመረመር ቢመጣ ግን ጥሩ ነው። ለእርጉዝ ባል መመርመር የተለመደ ስለሆነ ለምን እንደሆነ ማብራራት አይኖርብዎትም።

ቢረጋገጥ እንኳ፣ እናት በእርግዝናዋ መድኃኒት ጀምራ በደንብ ከወሰደችና ሕፃኑም መከላከያውን ካገኘ አብዛኞቹ ልጆች ነጻ ይሆናሉ። ልጁ ሲወለድ ግን በተራ ኪት አይመርመር፦ የእናቱ አንቲቦዲ በደሙ ውስጥ እስከ 18 ወር ስለሚቆይ ነጻ የሆነውን ልጅ አለበት ይላል። በ6 ሳምንቱ ከተረከዙ ጥቂት ጠብታ ደም በወረቀት ላይ ደርቆ ለፒ ሲ አር ይላካል።

ከቦሳ፦ «ኒካሁ ለጥር መጨረሻ ተቆርጧል። ሽማግሌዎች የምርመራ ወረቀት አምጡ ብለዋል። እጮኛዬ የቡና ለቀማውን ወቅት አጋሮ በኩል ሲሠራ ቆይቶ የተመለሰው ታኅሣሥ 30 ነው። እሱን አምነዋለሁ፣ ግን ወረቀቱ ይበቃል?»

ሁለታችሁ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ ተመርምራችሁ ውጤቱን አብራችሁ ብትቀበሉ ከወረቀቱ ይበልጣል። የአንዱ ውጤት ለሌላው አያገለግልም፤ አንዱ ኖሮበት ሌላው ነጻ የሆኑ ጥንዶች ጅማም ውስጥ አሉ።

ቀኑን በተመለከተ፣ መጨረሻ የተጋለጠበት ቀን ታኅሣሥ 30 ከሆነ 90 ቀኑ የሚሞላው መጋቢት 30 ነው። የጥር ወረቀት ያንን ወቅት በሙሉ አያይም። አልተጋለጠም ከሆነ የጥሩ ይበቃል፤ ይህን የሚያውቀው እሱ ብቻ ስለሆነ፣ ከሽማግሌዎቹ ፊት ሳይሆን ሁለታችሁ ብቻችሁን ሆናችሁ ይጠይቁት። ጥያቄውም «ታማኝ ነበርክ?» አይሁን። «ኒካሁን እናድርግና እስከ መጋቢት መጨረሻ ኮንዶም እንጠቀም፣ ከዚያ አብረን እንድገመው» ቢሉት፣ ምክንያቱን ሳይናዘዝ እሺ ለማለት ይቀለዋል። እኛ ቀኑን ከማስተላለፍ ይህንን እንመርጣለን።

አጫጭር ጥያቄዎች። ቢንቢ አያስተላልፍም። አብሮ መብላት፣ በአንድ ሲኒ ቡና መጠጣት፣ መሳሳም፣ በአንድ ሽንት ቤት መጠቀም አያስተላልፍም። ከፀጉር አስተካካይ ምላጭ የሚመጣው ትልቁ ስጋት ሄፓታይተስ ቢ ነው፤ ምላጩ ከማሸጊያው ሲወጣ በዓይንዎ ይዩ። በሥራ ላይ መርፌ የወጋው ሰው (ከጤና ጣቢያ የጻፈልን የጽዳት ሠራተኛ) ቦታውን በውሃና በሳሙና ይታጠብ፣ አይጭመቀው፣ በረኪናም አያፍስበት፤ ወዲያው አስመዝግቦ ፔፕ ይጠይቅ። መርፌው ቫይረሱ ካለበት ሰው የወጣ ቢሆን የመተላለፉ ዕድል ከ1,000 3 ያህል ነው።

ከመንደራ፦ «4 ዓመት መድኃኒት ወስጃለሁ። ባለፈው በአፍ ኪት ስመረመር የለም አለኝ። ድኛለሁ? መድኃኒቱን ባቆምስ?»

አያቁሙ። መድኃኒት ላይ ላለ ሰው እነዚህ ኪቶች አልተሠሩም። ቫይረሱ በመድኃኒቱ ተጭኖ ሲቀመጥ ሰውነት አንቲቦዲውን ይቀንሳል፣ ድድ ላይ የሚወጣው ደግሞ ከደሙም ያነሰ ስለሆነ ኪቱ ላያየው ይችላል። ቫይረሱ ግን በሕዋሳት ውስጥ ተደብቆ አለ፤ መድኃኒቱ በቆመ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይመለሳል፣ ለመድኃኒቱ የተለማመደ ሆኖ ሊመለስም ይችላል።

የእርስዎ ምርመራ ሌላ ነው፤ ቫይራል ሎድ ይባላል። የመጨረሻው መቼ እንደተሠራና ቁጥሩ ስንት እንደሆነ መድኃኒት የሚወስዱበት ክፍል ይጠይቁ። «አልተገኘም» የሚል ከሆነና መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ከቀጠሉ፣ በግብረ ሥጋ ለማንም አያስተላልፉም። ዓመት ካለፈው በሚቀጥለው ቀጠሮ እንዲሠራልዎት ያሳስቧቸው።